ጆሮ ማዳመጫ የምፈትነው በከበሮና በጸናጽል ነው

ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን ትልቁን ጆሮ ማዳመጫ ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዩቲዩብ ከፍቶ ግምገማ ማየት ነው። ገምጋሚው ባሱ እንዲህ ነው፣ ቀጭኑ ድምፅ እንዲያ ነው ይላል። የሚፈትንበት ዘፈን ግን አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። የዚያ ባስ እውነተኛ ድምፅ የቱ እንደሆነ ገምጋሚውም ሊያውቅ አይችልም፤ ከስፒከር ውጭ ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ ነውና።

ቢቸናና ሞጣ ያደግን ሰዎች በዚህ በኩል የታደልን ነን። ከበሮ አጠገቡ ቆመን ሰምተናል። ጸናጽል ሲንሿሿ፣ አዝማሪው ሰርግ ቤት ማሲንቆውን ያለ ማይክ ሲገዘግዘው ሰምተናል። መሣሪያው እውነቱን ይናገር አይናገር የምንለካበት ልክ ጆሯችን ውስጥ አለ። ወዳጆቼ "የቱን ልግዛ?" ሲሉኝ የሞዴል ስም ጠርቼ ዝም የማልለው ለዚህ ነው። ሞዴሉ በየዓመቱ ይቀየራል፣ አስመስለው የሠሩት ኮፒም ገበያውን ሞልቶታል። ጆሯችሁ ግን የራሳችሁ ነው፤ እመኑት።

ከከበሮው ልጀምር። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሁለት አፍ አለው፤ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ጥሩ ማዳመጫ ሁለቱን ለይቶ ያሰማል። መጀመሪያ መዳፍ ቆዳውን ሲመታ የሚሰማውን ጠፍ የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ ከሆዱ የሚወጣውን ጉምጉምታ፣ ከዚያ ደግሞ ድምፁ የሚያበቃበትን ቅጽበት በየተራ ትሰማላችሁ። መጥፎው ሦስቱንም ጠቅልሎ አንድ "ዱም" ያደርጋቸዋል። ልዩነቱ የሚጋለጠው ማኅሌቱ ሲፈጥን ነው። መረግዱ ቀስ ብሎ ሲጀመር በምትና በምት መካከል ጊዜ ስላለ ርካሹም ዕቃ ፈተናውን ያልፋል። ወደ ፈጣኑ ጽፋት ሲገባ ግን አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። ባሱ የተጋነነ ማዳመጫ ላይ ምቶቹ ይደራረቡና ጭብጨባውን ይውጡታል፤ የሊቃውንቱም ቃል ከሥር ይቀበራል። መንዙማ የሚያዳምጥ የሞጣ ሰው ደግሞ ድቤውንና የተቀባዮቹን ድምፅ በዚሁ መንገድ ይመርምር፤ ሕጉ አንድ ነው።

ጸናጽል ቀጭኑን ድምፅ ይፈትናል። ትናንሾቹ ብረቶች እርስ በርስ ሲጋጩ የሚወጣው ድምፅ ጥርት ያለና አየር ያለው መሆን አለበት። ጆሮን የሚወጋ ከሆነ ማዳመጫው ቀጭኑን አብዝቶታል፤ የታፈነ ከሆነም አሳንሶታል። ሆኖም እዚህ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ጥፋቱ የፋይሉ ሊሆን ይችላል። በከተሞቻችን ሙዚቃ ቤቶች ሚሞሪ ላይ የሚጫነው መዝሙርና ዘፈን ብዙው እጅግ የተጨመቀ ኤምፒ3 ነው። በ128 ኪሎቢትና ከዚያ በታች የተጨመቀ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ከ16 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ቆርጦ ይጥላል፤ የተረፈውንም ጸናጽል ውኃ ውስጥ የሚንሿሿ ያስመስለዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ዘፈን ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በሚሞሪና በብሉቱዝ ነበር፤ ዛሬም የብዙ ሰው ስልክ ላይ ያለው ያኔ የተቀባበልነው ነው። ስለዚህ ማዳመጫ ልትፈትኑ ስትሄዱ ቢያንስ አንድ ያልተጨመቀ ወይም በ320 ኪሎቢት የተቀዳ ሥራ ስልካችሁ ላይ ይኑር።

የሰውን ድምፅ የምፈትነው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው "ፍቅር እስከ መቃብር" ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ የቢቸና ጎረቤት የሆነውን ዲማ ጊዮርጊስን አንዱ መቼቱ ስላደረገ ለእኛ ለአካባቢው ልጆች ፍቅሩ ይለያል። እዚህ ያነሣሁት ግን ለሌላ ነገር ነው። የድሮ የሬዲዮ ቅጂ በመሆኑ ጥልቅ ባስም በጣም ቀጭን ድምፅም የለውም፤ ያለው መሃሉ ነው። የሰው ድምፅ የሚኖረውም እዚያ መሃል ላይ ነው። ወጋየሁ ከጉዱ ካሳ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ገጸ ባሕርይ ሲሻገር ድምፁን፣ አተነፋፈሱን፣ የንግግሩን ፍጥነት ይለውጣል። መሃሉ የሳሳ ማዳመጫ ላይ ሁለቱ ሰዎች መመሳሰል ይጀምራሉ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አልገዛም።

ጥልቅ ባስ ለሚወድ ሰው ደግሞ ቻግኒ የተወለደችውን ድምፃዊት ጂጂን (እጅጋየሁ ሽባባውን) እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 በፓልም ፒክቸርስ በኩል ያወጣችውን አልበም ያዘጋጀው ቢል ላስዌል ራሱ ባስ ጊታር ተጫዋች ነው። "አባይ"ን ክፈቱ። ባሱ ወርዶ ወርዶ ደረት ላይ ሲደርስ የጂጂ ድምፅ ከላዩ ንጹሕ ሆኖ መቆም አለበት። ባሱ ሲመጣ ድምፅዋ ወደ ኋላ የሚሸሽ ከሆነ ማዳመጫውን ወደ ካርቶኑ መልሱት። በገናም ግሩም ፈተና ነው። በአሥሩ ጅማቶች ሥር የሚገቡት የቆዳ ቁርጥራጮች የሚሰጡት ነዘር የሚል ድምፅ የአለሙ አጋ ቅጂዎች ላይ በግልጽ ይሰማል። ነዘርታው ከየጅማቱ ለየብቻ ከተሰማ ማዳመጫው ጥሩ ነው፤ አንድ ወጥ ጉርምርምታ ከሆነ አይደለም።

ሁለት ማዳመጫ ስታወዳድሩ የድምፃቸውን ከፍታ እኩል አድርጉ። የሰው ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ድምፅ "የተሻለ" ብሎ ይፈርዳል፤ ይህ የሁላችንም ተፈጥሮ ነው። ሻጩ አንዱን እስከ ጫፍ ከፍቶ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ካሰማችሁ ያወዳደራችሁት ጥራትን አይደለም። ሱቁ መንገድ ዳር ከሆነና ባጃጅ የሚያልፍበት ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ነገር ከልክ በላይ ከፍታችሁ ነው የምትሰሙት። ነገሩ ከግዢም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 89 ላይ 5 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ለልጆች ገደቡ 75 ዴሲቤል ነው። ከሞንታርቦ ሥር ቆሞ ያደገ ትውልድ ይህን ቁጥር ቢይዝ ደስ ይለኛል፤ የሞተ የጆሮ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልምና።

አሁን ወደ ምቾት። የውጭ ገምጋሚዎች ስለ እኛ ጭንቅላት አያውቁም። ሹሩባ የተሠራች ሴት ማዳመጫ ስታደርግ ሁለት ነገር ይደርስባታል። ከላይ ያለው ቅስት ጉንጉኑን ተጭኖ ያማታል፤ ትራሱ ደግሞ ጉንጉኑ ላይ ስለሚያርፍ ከቆዳዋ ጋር አይገጥምም። በዚያች ክፍተት ባሱ ሾልኮ ይወጣል። የመነጽር ዘንግም፣ የሻሽ እጥፋትም፣ የጥምጥም ጠርዝም እንዲሁ ያደርጋሉ። እህታችሁ "ይሄ ዕቃ ባስ የለውም" ስትል ሰምታችሁ ከሆነ ዕቃውን ከመውቀሳችሁ በፊት ትራሱን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑላት። ባሱ ወዲያው ከመጣ ችግሩ አገጣጠሙ ላይ ነው። ለሹሩባ ቅስቱ ሰፊና ለስላሳ፣ ትራሱ ወፍራምና ጥልቅ የሆነውን ምረጡ። ይህ ለእኔ ከድምፅ ጥራት እኩል ነው፤ የሚያሳምም ነገር በሦስተኛው ቀን መሳቢያ ይገባል።

ክብደትን ቁጥር አይታችሁ ፍረዱ። የሶኒ ደብልዩኤች-1000ኤክስኤም5 250 ግራም ነው፤ የመጀመሪያው ኤርፖድስ ማክስ 385 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለአምስት ደቂቃ ልዩነቱ አይሰማም፤ አንድ ሙሉ የማኅሌት ቅጂ ሲሰማ ግን አንገት ይናገራል። የሞጣ ማለዳ ብርድ ላይ የትራሱ ስፖንጅ ስለሚጠነክር መጀመሪያ ላይ ይቆረቁራል፤ በሰውነት ሙቀት ሲለሰልስ ነው ትክክለኛው ምቾት የሚታወቀው። ቆዳ መሳዩ ትራስ ብርድ ላይ ሙቀት ይይዛል፤ ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ግን ያልባል። ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል ወደ ቢቸናና ሞጣ የተጓዘ ሰው ይህን በአንድ ቀን ያየዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደን ያንኑ ያህል ስንወጣ ጆሮ ይደፈናል፣ ላብ ይመጣል። ጫጫታ የሚያጠፋው ዓይነት ማዳመጫ የአውቶቡሱን ሞተር ጉርምርምታ በደንብ ይቀንሳል፤ የጎረቤት ወሬና የሕፃን ልቅሶ ግን ያልፉታል። አንዳንድ ሰው ያ ዝምታ ራሱ ጆሮውን የሚጫነው ይመስለዋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት አድርጋችሁ ቆዩበት። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ባትሪው ሲያልቅ በሽቦ የሚሠራውን ብቻ ውሰዱ።

አንድ ልመና አለኝ። እጅግ ጥሩ ማዳመጫ ቢኖረንም የምናዳምጠው በደንብ የተቀረጸ የአካባቢያችን ማኅሌት ጥቂት ነው፤ ብዙው ሞንታርቦው ሥር በስልክ የተቀዳና የተሰነጠቀ ድምፅ ነው። ለሚያዝያ 23ቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ሞጣ ጊዮርጊስ የምትሆኑ ልጆች አባቶችን አስፈቅዳችሁ፣ ስልኩን ከሞንታርቦው አርቃችሁ፣ ሊቃውንቱ ወደ ቆሙበት አቅርባችሁ፣ የመቅጃውን ጥራት ዋቭ ላይ አድርጋችሁ ቅዱልን። በቴሌግራም ስትልኩት በድምፅ መልእክት ሳይሆን በፋይል መልክ ይሁን፤ እንዲያ ካልሆነ ጸናጽሉ መንገድ ላይ ይቀራል።