የሕዋስ በር

በጁባ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ኢትዮጵያዊ የባዮሎጂ መምህር ስለ ሕዋስ ለማስረዳት ማይክሮስኮፕ አልነበራቸውም። ሁለት ብርጭቆ፣ ጥቂት ጨውና ከኮኞ ኮኞ ገበያ የተገዛ ድንች ግን ነበራቸው። ድንቹን በስሱ ቆርጠው ግማሹን በንጹሕ ውሃ፣ ግማሹን በጨው ውሃ ዘፈዘፉት። ክፍለ ጊዜው ሊያበቃ ሲል የመጀመሪያው ጠንክሮ፣ ሁለተኛው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈስፍሶ ተገኘ። ጨዉ ከሕዋሱ ውስጥ ውሃውን ስቦ አውጥቶታል።

ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከልብ የሚወጣ ጥያቄ ግን በጁባ ዓረብኛ ይመጣል። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ ተነሣች። እ.ኤ.አ. በ2014 ኮሌራ ከተማዋን በመታ ጊዜ ታናሽ ወንድሟ የዳነው ጨው ያለበት ውሃ እየተጋተ ነበር። «ኡስታዝ፣ ጨው ውሃን የሚያወጣ ከሆነ እርሱን ለምን አላደረቀውም?»

መምህሩ መልሱን ለማግሥቱ አቆዩት። ለዓመታት ያስተማሩትን ድንችና የሕክምናውን ውሃ አንድም ቀን አገናኝተው አያውቁም ነበር።

በማግሥቱ የሣሉት የአንጀትን ሕዋስ ነው። በሽፋኑ ላይ ሶዲየምና ግሉኮስ ተያይዘው የሚገቡበት በር አለ፤ ሮበርት ክሬን ይህንን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ ላይ አቅርቦታል። ሁለቱ ሲገቡ ውሃ ይከተላቸዋል። የኮሌራ መርዝ ሕዋሱን አይገድለውም፤ ክሎራይድ ወደ ውጭ እንዲያፈስስ ያስገድደዋል፣ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። የስኳሩ በር ግን አይዘጋም። ሕዋሱም የገባውን ሶዲየም በሌላ ወገኑ እያስወጣ፣ ለዚህም ያለ እረፍት ኃይል እየከፈለ፣ በሩን ሲያሠራ ይኖራል። ድንቹ ላይ የታየው የውሃና የጨው ሕግ ነበር፤ ይህ ግን የሕያው ነገር ሥራ ነው። አማርኛ ለዓይንና ለጆሮም፣ ለዚህች ኢምንት አካልም «ሕዋስ» የሚል አንድ ስም መስጠቱ ያለ ነገር አይመስልም።

ከዚያ መጠኑን ጻፉ፦ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨዉ ከበዛ የትናንቱ ድንች ዕጣ ይደርሳል።

ልጅቱ ድጋሚ እጇን አወጣች።

«ስኳር ከቤት ሲጠፋስ?»

«የሩዝ ውሃ» አሉ መምህሩ፤ «ስታርቹ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ይሆናል። ጨዉን ግን እንዳትረሺ።»

«ውሃው በቦቴ የመጣው ቢሆንም?»

«አፍልታችሁ።»

ይህንንም ከደብተሯ ጀርባ ላይ ጻፈችው።