በአንድ መርከብ ላይ ስንሆን



በውጭ አገር የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች አንዳንድ ጊዜ በትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ላይ የተነሡትን ፎቶ ይልኩልናል። መዋኛው፣ የምግቡ ዓይነት፣ ፎቅ በፎቅ የተደራረበው መኝታ ቤት ያስደንቃል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በደብረ ማርቆስ ለምንኖር ሰዎች መርከብ የሌላ ዓለም ነገር ይመስላል። ነገር ግን የጎጃም ሰውም የመርከብ መንገድ አለው፤ እርሱም ጣና ነው። ለብዙ ዓመታት ሰውና ጭነት የምታመላልስ መርከብ በሳምንት አንድ ቀን ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ ዘጌንና ደቅን ነክታ፣ ቁንዝላ አድራ፣ በማግሥቱ በደልጊ በኩል ጎርጎራ ትገባ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጣናነሽ ሁለት የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና በየብስ ወደ ጣና ስትጓዝ ብዙዎቻችሁ በዜና ተከታትላችኋታል።

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ከቤተ ክርስቲያናችን ሰባት ሆነን በጣና መርከብ ተጉዘናል። ከእኛ መካከል አድጋ፣ አግብታ ወደ ደልጊ አካባቢ የሄደች እህታችን ባሏ ሞቶባት ነበር። ቀብሩ ላይ ለመድረስ አልቻልንም፤ ስለዚህ ልናጽናናት ሄድን። ቅዳሜ ማለዳ ከማርቆስ ተነሥተን በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርገን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ባሕር ዳር አደርን። እሑድ ጠዋት መርከብ ላይ ወጣን። ከሰባታችን አምስቱ ከዚያ በፊት በውኃ ላይ ተጉዘው አያውቁም።

አንዳንዶቻችሁ እንዲህ ያለ ጉዞ ሲገጥማችሁ እንዲጠቅማችሁ፣ በመንገዱ ላይ ያየነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

1. መቀመጫችሁን ምረጡ። መርከብ ከፊትና ከጫፍ ይበልጥ ይናወጣል፤ ከመካከል ይረጋል። የሚያቅለሸልሸው ሰው መካከል ተቀምጦ ዓይኑን ከእግሩ ሥር ሳይሆን ሩቅ ዳርቻ ላይ ቢያደርግ ይሻለዋል። በባዶ ሆድ አትሳፈሩ፤ ከመጠን በላይ ጠግባችሁም አትሳፈሩ። ዝንጅብል ወይም ሎሚ ያዙ። ጣና ጠዋት የተኛ ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉም ይበረታል። ስለዚህ ጠዋት ላይ ደኅና ነኝ ያለ ሰው ቀኑ ሳይመሽ አይኩራ!

2. ለብርዱም ለፀሐዩም ተዘጋጁ። ማለዳ ላይ ጋቢ ያስፈልጋል። ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐዩ ከላይም ከውኃውም ስለሚመታ ኮፍያ ወይም ነጠላ ያስፈልጋል። ስልካችሁንና መጽሐፍ ቅዱሳችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ። ዝርዝር ብር ያዙ። የሐይቁን ውኃ አትጠጡ፤ ዳር ላይ ገብታችሁም አትታጠቡ፤ ቢልሃርዝያ አለበት።

3. ስንቃችሁ ለጎረቤትም የሚሆን ይሁን። እኛ የሄድነው በዐቢይ ጾም ወቅት ነበር። እኛ በቀኖናው ባንጾምም፣ ስንቁን ያዘጋጁት እናቶች እንቁላልና ቅቤ እንዳይገባበት ተጠንቅቀው ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና በሶ ያዙልን። “አጠገባችን የሚቀመጠው ሰው የማይበላውን ይዘን ሄደን ብቻችንን ልንበላ ነው?” አሉ። ጳውሎስ በሮሜ 14 ስለ መብል የጻፈው ነገር የገባን ያን ቀን ነው።

4. ሁላችሁም ወደ አንድ ወገን አትሩጡ። መርከቡ ወደ ዳር ሲጠጋ ተሳፋሪው ዕቃውን አንሥቶ መውረጃው ወዳለበት ጎን ይጎርፋል። ያን ጊዜ መርከቡ ያዘነብላል፤ ሠራተኞቹም “ተቀመጡ! ተቀመጡ!” እያሉ ይጮኻሉ። ዕቃ ይቆያል፤ ሰው ይቅደም። የመንሳፈፊያ ጃኬት የት እንዳለ ደግሞ ገና ስትሳፈሩ ጠይቁ፤ መጠየቅ የእምነት ማነስ አይደለም።

5. ማደሪያ ላይ ለደካማው ቅድሚያ ስጡ። ቁንዝላ ስትደርሱ ሁሉም አልጋ ፍለጋ ይሮጣል። ከእናንተ አንድ ሁለት ወጣቶች ቀድመው ሄደው አልጋ ይያዙ፤ መጀመሪያ ለሽማግሌና ልጅ ላዘለች እናት ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዘጌን አልፈን መርከቡ መካከለኛው ውኃ ላይ ሲደርስ፣ ከእኛ ጋር የነበረ አንድ ወጣት ወንድም ለመስበክ ተነሣ። “ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቧል፤ እንዲህ ያለ ዕድል መቼ ይገኛል? ደግሞስ መርከቡ ቢሰምጥ ሳይሰሙ ሊሞቱ ነው?” አለ። በጊዜውም ያለ ጊዜውም ስለ መስበክ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈውን አስታወሰን። የቡድናችን ታላቅ የነበሩት እናት ግን እጁን ይዘው አስቀመጡት። “ልጄ፣ ገበያ ላይ ስትሰብክ መስማት ያልፈለገ ሰው መንገዱን ይቀጥላል። እዚህ ግን መውረጃ የለውም። መሄድ የማይችልን ሰው አስገድዶ ማሰማት እንግዳን ቤት ቆልፎ እንደ መያዝ ነው” አሉት። ወጣቱ ወዲያው አላመነም። ረዘም ላለ ጊዜ በቀስታ ተከራከርን። ጥያቄው ቀላል አልነበረም፤ ሁለቱም ጌታን ይወድዳሉ፤ ሁለቱም ለሰው ነፍስ ያስባሉ።

መልሱን ያገኘነው ሐዋርያት ሥራ 27 ላይ ነው። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ኢጣልያ ሲወሰድ በመርከቡ ላይ 276 ሰዎች ነበሩ፤ መርከበኞች፣ ወታደሮች፣ እስረኞች። ዐውሎ ነፋስ መታቸው፤ ፀሐይና ከዋክብት ለብዙ ቀን ጠፉ። የመዳን ተስፋ በተቆረጠበት ጊዜ ጳውሎስ በመካከላቸው ቆመ፤ የማን እንደ ሆነና ማንን እንደሚያመልክ ግልጽ አድርጎ ነገራቸው፤ ከእነርሱ አንድ ሰው እንደማይጠፋ አጽናናቸው። ንግግሩ ግን አጭር ነበረች። በዐሥራ አራተኛው ሌሊት ሊነጋ ሲል ደግሞ “ብሉ” ብሎ ለመናቸው፤ እንጀራ ይዞ በሁሉ ፊት እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ቆርሶም ራሱ መብላት ጀመረ። ያን ጊዜ ሁሉም ተጽናንተው በሉ። መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሞክሩ እነርሱ በመርከቡ ላይ ካልቆዩ ሌላው እንደማይድን የተናገረውም እርሱ ነው። በመጨረሻ መርከቡ ተሰበረ፤ አንዳንዱ እየዋኘ፣ አንዳንዱ በሳንቃ ላይ ሆኖ፣ ሁሉም ወደ ምድር ደረሱ።

እንግዲህ ጳውሎስ ዝም አላለም፤ ሰዎቹንም አላስጨነቃቸውም። ተስፋ ሲያልቅባቸው ተናገረ፤ ሲራቡ አበላቸው፤ ሲያመሰግን አልተደበቀም፤ መርከቡንም ትቶ አላመለጠም። እኛም በዚያው ተስማማን፤ ወጣቱም ቆሎውን ይዞ ተሳፋሪውን ያዳርስ ጀመር።

አጠገባችን ወደ ደቅ የሚሄዱ አንዲት እማማ ነበሩ፤ ልጃቸውን ሊያርሱ። ነፋሱ ሲነሣ አቅለሸለሻቸው። አንዲት እህታችን ራሳቸውን ደግፋ ሎሚ አሸተተቻቸው፤ ጋቢዋንም ደረበችላቸው። ሲሻላቸው ከድፎ ዳቦው ቆረስንላቸው። “የጾም ነው?” ብለው ጠየቁ። “አዎ እማማ፣ የጾም ነው” አልናቸው። በሉ። ጥቂት ቆይተው “የት ነው የምትሳለሙት ልጆቼ?” አሉን። የሚጠይቁት ነገር ገባን፤ የማን እንደ ሆንን ሳንሸሽግ ነገርናቸው። ፊታቸው ትንሽ ከበደ። ዝም አሉ። ደቅ ስንደርስ ጋቢውን አጥፈው መለሱልን፤ “እግዜር ይስጥልኝ፤ እንግዲህ ለሁላችንም እርሱ ያውቃል” ብለው ወረዱ። ከዚያ በኋላ አላየናቸውም። ከዚህ የተለየ ታሪክ የለንም፤ ለምስክርነት ጊዜ የሚነገር ትልቅ ድል አይደለም። ነገር ግን በዚያ ውኃ ላይ ከእኛ የተጠየቀውን እንዳደረግን እናምናለን።

በማግሥቱ ደልጊ ደርሰን እህታችንን ስናገኝም ያው ነገር ረዳን። ብዙ ልንናገር አሰናድተን ነበር። እርሷ ግን ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። መጀመሪያ አብረናት ተቀመጥን፤ አለቀስን፤ ከዚያ ቆርሰን አጎረስናት። ቃሉን ያነበብንላት ከበላች በኋላ ነው።

ወገኖቼ፣ መውረጃ የሌለው ጉዞ በጣና ላይ ብቻ አይደለም። በአንድ ግቢ የተከራየን ጎረቤታሞች፣ ሃይማኖታቸው የተለያየ ባልና ሚስት፣ በአንድ ቢሮ ፊት ለፊት የምንቀመጥ ሠራተኞች፣ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት በአንድ አውቶቡስ የምንወርድ መንገደኞች ሁላችን በአንድ መርከብ ላይ ነን። ያ ሰው ከእኛ መሄድ አይችልም። ስለዚህ እምነታችን ከድምፃችን ይልቅ በምን ሊታወቅ ይገባል? በዚህ ሳምንት ከእናንተ ጋር የተሳፈረው ማን እንደ ሆነ አስቡ። ተስፋ ቆርጦ ከሆነ አጭር የተስፋ ቃል ንገሩት። ርቦት ከሆነ አብሉት። የማን እንደ ሆናችሁ ከጠየቃችሁ አትሸሽጉ። ነፋስ ሲነሣም ትታችሁት አትሂዱ።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ በማዕበል መካከል ከደቀ መዛሙርትህ ጋር በታንኳ የነበርህ አንተ፣ ዛሬም ከእኛ ጋር ሁን። አብረውን የተሳፈሩትን የሰጠኸን አንተ ነህ፤ እንድንወድዳቸው ልብ ስጠን። በመንገድ ያሉትን ሁሉ በሰላም አድርስ፤ ለምድራችንም ሰላም አውርድ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።