ከሰማዩም ከሰውም ሳልማከር

ግግር በረዶ ለማየት የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፎቶ አይቶ ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ። ጄኔቫ ስኖር ዘመድ የመጣለት ሐበሻ ሁሉ እንግዳውን ይዞ ዩንግፍራውዮኽ ሲወጣ አያለሁ። በአውሮፓ ከፍተኛው የባቡር ጣቢያ ነው፤ 3,454 ሜትር ላይ ይገኛል። ከዚያ የሚላከው ፎቶ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ከኋላ በረዶና ቀዩ የስዊስ ባንዲራ፣ ከፊት በተውሶ ጃኬት የተጀቦነች እናት። እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ ስትመጣ የተመኘሁት ያንን ፎቶ ነበር። እህት ወንድሞቼ እንዲያዩት፣ «እማዬን እንዲህ አድርጋ አሳየቻት» እንዲባልልኝ። ከምኞቱ ሥር ሌላም ነገር ነበር። እሷ እያረጀች ነው፣ በረዶውም እየቀለጠ ነው ይባላል፤ ሳያመልጡኝ ላገናኛቸው የሚል ጥድፊያ ይዞኝ ነበር።

ዕቅዱን ያወጣሁት በጥንቃቄ ነው። የግማሽ ዋጋ ካርድ አወጣሁላት። ከጄኔቫ በርን፣ ከበርን ኢንተርላከን፣ ከዚያ ግሪንደልቫልድ እያልኩ ባቡሮቹን በየደቂቃው አሰላሁ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ትኬት የሚረክሰው ቀንና ባቡር ቆርጦ ቀድሞ ለሚገዛ ነውና ከሥራ ፈቃዴ ጋር የሚገጥመውን ቀን መርጬ ገዛሁ። አይለወጥም፣ ገንዘቡም አይመለስም። ስለ ባቡሩ ታሪክ ሳይቀር አንብቤ ነበር፤ አዶልፍ ጉየር ዜለር የሚባል ባለሀብት ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1896 እንዳስጀመረ፣ ፍጻሜውን ሳያይ እንደሞተ፣ አይገርና ሞንኽ የተባሉትን ተራሮች ፈልፍሎ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው ዋሻ በ1912 እንዳለቀ። ለእናቴ መንገድ ላይ የምተርክላት ሁሉ ተዘጋጅቷል። እሷን ግን ስለ ቀኑ አንዲት ቃል አልጠየቅኳትም።

ባቡር ውስጥ ዳቦና አይብ አውጥቼ ስዘረጋ «አንቺ ብዪ ልጄ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ» አለችኝ። ቀና ብዬ ሳያት፣ «ፍልሰታ አይደል?» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጾም ነው። ነሐሴ አንድ እንደሚገባ፣ በእሷ ቤት ከቅዳሴ በፊት ውሃ እንኳ እንደማይቀመስ ስቶኝ አይደለም። ዕቅዴ ላይ ሳሰላ የቆጠርኩት በፈረንጅ ወር ነበርና ነሐሴ ኦገስት ሆኖ አለፈኝ። ቅዳሴ ለመሄድ አስባ እንደነበር የሰማሁትም ያኔ ነው። ትኬቱ እንደተገዛ ስነግራት ልታሳዝነኝ አልፈለገችም፤ ሐሳቧን ዋጥ አድርጋ ጋቢዋን አጣጥፋ ተከተለችኝ።

አሁን ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ከፍታው ነው። እዚያ ቦታ ላይ አየሩ ሳስቷል፤ ለሚወጣ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያው ምክር ውሃ በደንብ ጠጣ፣ ቀስ ብለህ ተራመድ የሚል ነው። እኔ ደግሞ ያረጀች እናቴን በባዶ ሆዷና በደረቀ ጉሮሮዋ ይዤ እየወጣሁ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን እሷ ምንም አልሆነችም። ደብረ ብርሃን ራሱ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው በሳሳ አየር ውስጥ ነው። ራሴን ያመመኝና ደረጃው ላይ ትንፋሽ ያጠረኝ እኔ ነኝ፣ ከሐይቅ ዳር የመጣሁት። ክንዴን ይዛ ያስቀመጠችኝ እሷ ናት።

ሰማዩስ? የተራራውን አናት በቀጥታ የሚያሳይ ካሜራ አለ፤ በስልክ ይከፈታል። ጠዋት ከቤት ሳንወጣ ከፍቼዋለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር ጉም ነበር። «እስክንደርስ ይገለጣል» ብዬ ዘጋሁት። እንደማይገለጥ ልቤ ያውቅ ነበር። ግን ገንዘቡ አንዴ ወጥቷል፤ የወጣ ገንዘብ ደግሞ ሰውን እየጎተተ ይወስዳል። መመልከቻው ሰገነት ላይ ቆመን በአራቱም አቅጣጫ ያየነው ነጭ ብቻ ነው። ነፋሱ ጋቢዋን ከትከሻዋ ሊነጥቃት ይታገላል። «በረዶው የታለ?» አለችኝ። «ከጉሙ ሥር ነው እማዬ» አልኳት። «እሺ፣ አለ ካልሽኝ አለ» አለች። ፎቶውን አነሳሁ፤ ላክሁትም። አዲስ አበባ ያሉት እህቶቼ አደነቁ። እኔ ግን ሳየው የሚታየኝ የደረቀው ከንፈሯ ነበር።

ሥራ ቦታዬ ውስጥ ከቫሌ ክፍለ ሀገር የመጣ ባልደረባ አለኝ። የሆነውን ስነግረው አንድ ነገር አለኝ፤ እዚያ የሚታየው መነሻው ነው፣ ርዝመቱን ማየት ከፈለጋችሁ በእኛ በኩል ኑ። ለካ አሌች የሚባለው ይህ ግግር በረዶ፣ በአልፕስ ተራሮች ትልቁ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ወደ ደቡብ የሚወርድ ነው። ከሰሜን በኩል በውድ ባቡር ራሱ ላይ ይወጣል፤ ከደቡብ በኩል ደግሞ በኬብል ካር ጎኑ ላይ ይደረሳል። አንዱ በረዶ፣ ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ጉዞዎች። እኔ ያን ሁሉ ደቂቃ ሳሰላ ከየትኛው በኩል ብናየው ይሻላል ብዬ አልጠየቅኩም።

በሁለተኛው ጊዜ ከእናቴ ጀመርኩ። እንደገና መሄድ ትፈልግ እንደሆነ፣ ከፈለገችም ምን ማየት እንደምትሻ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና «ውሃው ወዴት ይሄዳል?» አለችኝ። መልሱን ፈልጌ ሳገኝ አፈርኩ። ከአሌች ሥር የሚወጣው ማሳ የሚባል ወንዝ ነው፤ ብሪግ ከተማ አጠገብ ከሮን ወንዝ ይቀላቀላል፤ ሮን ጄኔቫ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ ወጥቶ ጄኔቫን መሃል ለመሃል ያቋርጣል። ወደ ሥራ ስሄድ በየጠዋቱ የምሻገረው ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ከዚያ በረዶም የመጣ ነው። ይህን ሳላውቅ ነው ዓመታት የኖርኩት፤ እሷ ግን ገና ሳታየው ጠየቀችው።

ጾሙ ተፈታ፣ እንቁጣጣሽ አለፈ። ቀን አልቆረጥንም። ማታ ማታ ትንበያውንና ካሜራውን አብረን እናያለን፤ እሷ ጉም ካየች «ነገ ደግሞ አለ» ብላ ቡናዋን ታፈላለች። አለቃዬ ፈቃዱን ላላ አድርጎ እንዲሰጠኝ ቀድሜ ለምኜው ነበር። የጠራ ቀን ሲመጣ ጠዋት ጣቢያ ሄደን ትኬት ቆረጥን። ዋጋው ከፍ ብሏል፤ አልቆጨኝም።

መንገዱ የሮንን ሸለቆ ተከትሎ ሽቅብ ይሄዳል፤ ሎዛን፣ ሞንትሮ፣ ሲዮን፣ ከዚያ ብሪግ። ከብሪግ በትንሿ ቀይ ባቡር ቤተን ደርሰን በኬብል ካር ወደ ቤትመርአልፕ ወጣን። መኪና የማይገባበት መንደር ነው፤ ጸጥታው እናቴን ወዲያው ደስ አሰኛት። አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ተቀምጠን ውሃ ጠጣን፣ ዳቦ በላን፣ አየሩን ተለማመድን። ከዚያ ቤትመርሆርን፣ 2,647 ሜትር። ከጣቢያው ወጥተን ጥቂት እንደተራመድን በረዶው ከእግራችን ሥር ተዘርግቶ አገኘነው።

እናቴ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ጥለት አለው» አለች፤ «ነጠላ ይመስላል»። እውነቷን ነው። በግራጫ ነጩ መሃል ለመሃል ሁለት ጥቁር መስመሮች ከላይ እስከ ታች አብረውት ይታጠፋሉ። ወደ ላይኛው በኩል ኮንኮርዲያፕላትስ በሚባለው ስፍራ ትልልቅ የበረዶ ጅረቶች ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱ ከተራራ ጎን የተናደ ድንጋይ በየጠርዙ ተሸክሞ ይመጣል፤ ሲጋጠሙ ጠርዝ የነበረው መሃል ይሆናል። እዚያ መገናኛው ላይ የበረዶው ውፍረት 800 ሜትር ገደማ እንደሆነ ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቆሞ የሚታየው ነገር በየቀኑ ቁልቁል እየሄደ መሆኑን ስነግራት ግን አልገረማትም፤ «ውሃ አይደል እንዴ» አለች።

ቀጥላ ያየችውን እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። ማዶ ያለው ገደል ላይ፣ ከበረዶው ብዙ ከፍ ብሎ፣ አንድ መስመር አለ፤ ከመስመሩ በላይ ሣርና ቁጥቋጦ፣ ከመስመሩ በታች የተላጠ ነጣ ያለ ድንጋይ። «እስከዚያ ድረስ ሞልቶ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሞልቶ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በረዶው እስከዚያ ይደርስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ርዝመቱ ብቻ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ አጥሯል። በ1877 ከበረዶው ትንሽ ከፍ ብሎ የተሠራው የኮንኮርዲያ ማደሪያ አሁን ከበረዶው ተነስቶ የሚደረሰው ከ400 በላይ የብረት ደረጃዎች ተወጥቶ ነው፤ ቤቱ አልተነሳም፣ በረዶው ነው የወረደው። ሙቀቱ እንዳይብስ ብንጥር እንኳ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቢያንስ ግማሹ እንደሚጠፋ ሳይንቲስቶች አስልተዋል፤ ካልጣርን ከሞላ ጎደል ሁሉም። ይህን ከዚያ በፊት አንብቤዋለሁ። ያመመኝ ግን እናቴ በጣቷ መስመሩን ስታሳየኝ ነው።

ስንመለስ ቤትመርአልፕ ጉብታው ላይ ያለችውን ነጭ ጸሎት ቤት አየች። በ1697 የተሠራች፣ በበረዶዋ ማርያም ስም የምትጠራ ናት። ስሟን ስነግራት ነጠላዋን አስተካክላ ደጃፉን ተሳለመች። እዚያ ደጅ ተቀምጠን በቅርብ ስላለው የፊሽ መንደር አወራኋት። ድሮ በረዶው የጎን ሸለቆ ዘግቶ ውሃ ያቁር ነበር፤ የሜርየለን ሐይቅ ይባላል። ሐይቁ ሲፈነዳ መንደሩን ጎርፍ ይበላው ነበር። ስለዚህ ሰዎቹ በ1678 ተሳሉ፤ በረዶው እንዳያድግ ሊጸልዩ። በየዓመቱም እየዞሩ ሲጸልዩ ኖሩ። በ2009 ግን ስለቱ ይገለበጥልን፣ በረዶው እንዳይጠፋ እንጸልይ ብለው ሮም ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። እናቴ አልሳቀችም። «የመጀመሪያውን ሰምቷቸዋል፤ ሁለተኛውንም ይስማቸው» አለች።

በቅርቡ አንዲት ጓደኛዬ አባቷ ሊመጡ ነውና ግግር በረዶ ላሳያቸው፣ ትኬት ከየት ይረክሳል ብላ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቂያቸው አልኳት፤ ጉልበታቸውን፣ የደም ግፊታቸውን፣ ጾማቸውን፣ ከፍታ ይፈሩ እንደሆነ። በቫሌ በኩል ወደ በረዶው የሚያወጡት ኬብል ካሮች በመጸው መጨረሻና በጸደይ ለጥገና እንደሚዘጉም ነገርኳት። ደወለችላቸው። አባቷ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው መሄድ ጨርሶ እንደማይሹ ነገሯት። ስለዚህ ለእሳቸው የሚሻለው ዩንግፍራውዮኽ ሆነ፤ በላውተርብሩነን በኩል እስከ አናቱ ድረስ ባቡር ነው። ቀኑን ገና አልቆረጡም።