ኪኬ የት ሄደ?

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በካርታ ላይ ጎረቤታሞች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህማ በአንድ የሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። ታክሲ ግን ካርታ አያነብም። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም በር ናቸውና አንዱ ዘንድ ለመድረስ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት አለ። ስለዚህ እኛ ሦስት ጓደኛሞች ዘፈን የምንሠራው ሳንገናኝ ነው። የቡራዩው በኮምፒውተር ድራም ይሠራል። የሱሉልታው እውነተኛ ከበሮ ይመታል፤ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ፣ የጎረቤት ውሻ ዝም ሲልለት። እኔ ሰበታ ሆኜ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ በቴሌግራም የመጣውን ሁሉ ሚክስ የማደርገውም እኔው ነኝ።

ጠባችን ሁሌም በድራም ነው። የቡራዩው መጀመሪያ ኪኩን፣ ስኔሩን፣ ሃይ ሃቱን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ላከልኝ። ይሄ እንግዲህ የበሰለ ወጥ ማለት ነው፤ ጨው በዛ ብለህ ጨዉን ብቻ አታወጣም። ስኔሩ ጮኸ ብዬ ስቀንስ ኪኩም አብሮ ይወርዳል። “ለየብቻ ላክልኝ” ስለው ቅር አለው።

“የሠራሁትን ልትበታትነው ነው?”

አልፈረድኩበትም። ለየብቻ መላክ የመጨረሻውን ቃል ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። ለማንኛውም ላከ። የአራት ደቂቃ ዘፈን፣ ስምንት ትራክ፣ ወደ 270 ሜጋባይት። መብራት ሁለቴ ጠፍቶበት በሦስተኛው ገባ።

የማሽኑ ኪክ፣ የእኔ ቤዝና የከበሮው ሰፊ አፍ ሦስቱም ከ60 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ ይጋፋሉ። አንዱ ፈቀቅ ካላለ ሌላው አይሰማም። እንዲህ ሲሆን የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ከበሮው ነው፤ ሆዱ ይወጣና ጠባቡ አፍ ብቻ “ለባህል ቃና” ተብሎ ይተዋል። ኪቦርድና ድራም ማሽን የትልልቆቹን ባንዶች ቦታ ከያዙ ወዲህ ጆሯችንም ለምዶታል። ለእኔ ግን የማሽን ኪክ የትም አለ፤ የዚያ ሰውዬ እጅ ያለው ሱሉልታ ብቻ ነው።

ደግሞ ሰዓቱ አለ። ኮምፒውተር ምቱን በመስመር ይደረድራል። የሱሉልታው ግን ችክችካው ውስጥ አንዷን ምት ትንሽ አዘግይቶ ነው የሚያሳርፋት። ትከሻ የሚያንቀሳቅሰው እኮ ያ ነው! የቡራዩው “ከሰዓት ወጥቷል፣ አስተካክለው” አለኝ። ከበሮውን አልነካሁትም። ሃይ ሃቱን ብቻ ወደ 15 ሚሊ ሰከንድ ወደኋላ ሳብኩት፤ ከኪኩም ከቤዜም ከሥር ቀነስኩ። ድራሙ እንደተጠቀለለ ቢመጣ ኖሮ ይሄ አይሞከርም ነበር።

ላክሁላቸው። በአስር ደቂቃ ውስጥ ከቡራዩ መልስ መጣ፦

“ኪኬ የት ሄደ?”

“በምንድነው የሰማኸው?”

“በስልክ።”

የስልክ ስፒከር ያን ወፍራም ድምፅ አያወጣም፤ የኪኩንም የከበሮውንም ሆድ እኩል ነው የሚውጠው። ይህን ላስረዳው ስጀምር “ሰውስ በምን የሚሰማው መሰለህ?” አለኝ። እሱም እውነቱን ነው። አሁን ለኪኩ በስልክም የምትሰማ ጠቅታ እየፈለግሁለት ነው። የሱሉልታው ገና አልሰማም፤ መብራት የለም።