አምስት ቅብብል

ቆጠራን የተማርሁት ባንክ ቤት ተቀጥሬ አይደለም፤ በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የስፖርት መምህራችን አምስት ጊዜ ሳንቀባበል ኳስ ወደ ቅርጫት እንድትወረወር አይፈቅዱም ነበር። ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንቆጥራለን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አምስት ሳይሞላ የወረወረ፣ ቢያስቆጥር እንኳ፣ ይቀየራል። እኔ ቁመቴ አጭር፣ ሩጫዬም ደካማ ነበር። ነገር ግን ማን በየት በኩል ሊሾልክ እንዳሰበ ከሌሎቹ ቀድሜ ይታየኝ ስለነበር በዚያ ቡድን ውስጥ ተፈላጊ ነበርሁ።

በሁለተኛው ዓመት መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። የተተኩት ወጣት መምህር ኳስ በእጅ እንደገባች መሮጥን ይወድዱ ነበር። «አንተ ስታስብ ጨዋታው ያልፍሃል» አሉኝና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ያው ሜዳ፣ ያው ቅርጫት፣ ያው ጓደኞቼ ነበሩ፤ እኔ ግን ተጫዋች መሆኔ ቀረ። ለዐዋቂ ሰው የሚያሳፍር ነገር ቢሆንም፣ ይህን ቅሬታ እስከ ሠላሳዎቹ ዕድሜዬ ይዤው ዘልቄአለሁ።

ቅሬታዬን መልሼ እንድመረምር ያደረገኝ ፖል ዌስትሄድ የተባለ አሜሪካዊ አሠልጣኝ ታሪክ ነው። በመጀመሪያ የሳበኝ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህርና የሼክስፒር ወዳጅ መሆኑ ነበር። ይህ ሰው በ1980 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሎስ አንጀለስ ሌከርስን ለሻምፒዮንነት አበቃ። በኖቬምበር 1981 ግን ተሰናበተ። የማጥቃት ስልቱ እንደ ቀድሞው አልሮጥ አለ፣ ዘገየ ተባለ፤ ማጂክ ጆንሰን ከቡድኑ ልልቀቅ ባለ ማግስት ነበር የተባረረው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ይኸው ሰው በዴንቨር ናጌትስ የማያቋርጥ ሩጫን አመጣ። በ1990–91 የውድድር ዘመን ቡድኑ በየጨዋታው በአማካይ 119.9 ነጥብ አስቆጠረ፤ 130.8 ተቆጠረበት። ከ82 ጨዋታ ያሸነፈው 20ውን ብቻ ነው። በ1992 ከዚያም ተሰናበተ። አንዱን ሰው በአንድ ከተማ ዘገየህ፣ በሌላው ፈጠንህ ብለው ሸኙት።

ግጥም የሚሞክር ሰው ይህን ነገር በሌላ በር ገብቶ ያውቀዋል። በወል ቤት ልጻፍ ብሎ የተነሣ በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም አለው፤ በሰንጎ መገን የተነሣ አምስት አምስት። ልዩነቱ አንዲት ቀለም ናት። ለስድስት የተመቸው ቃል ግን ለአምስቱ አይገባም፤ በዝግታ ሲያለቅስ የመጣ ሐሳብ በአጭሩ ምት እየፎከረ ይወጣል። ምቱ ከቃሉ ቀድሞ ይመረጣል፤ የትኛው ቃል ሜዳ ገብቶ የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀር የሚወስነውም እሱ ነው።

ከሩቅ ለሚያይ ፈጣን ጨዋታ ነጻነት፣ ዝግታ ደግሞ እስራት ይመስላል። ዌስትሄድ በሎዮላ ሜሪማውንት ዩኒቨርሲቲ ያሠለጠነውን ቡድን ቀርቦ ላየው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኳስ በተያዘች ቅጽበት አንዱ ይዟት ይከንፋል፤ አንዱ በቀኝ ጠርዝ፣ አንዱ በግራ ጠርዝ፣ እያንዳንዱ ሁልጊዜ በተመደበለት መስመር ይሮጣል። ተጋጣሚ ተመልሶ ሳይሰለፍ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መወርወር አለበት። ለማሰብ ጊዜ ስለሌለ ማሰቡ በልምምድ አልቆ ነው ሜዳ የሚገባው። በዝግታ የሚጫወት ቡድን ግን ሜዳው ላይ ያስባል። የፕሪንስተኑ ፒት ካሪል ተጫዋቾች ተከላካዩ ኳሷን ለመንጠቅ ወደፊት ሲጓጓ በጀርባው ሾልከው ይገቡ ነበር፤ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉ የሚነግራቸው የተከላካዩ ስሕተት ነው። በ1996 ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ዩሲኤልኤን 43 ለ41 ያሸነፉት በዚህ ስልት ነው። ጨዋታ ሲዘገይ የማጥቃት ዕድሉ ቁጥር ያንሳል፤ ዕድሉ ሲያንስ ጉልበተኛው ቡድን ብልጫውን የሚያሳይበት ጊዜ ያጥረዋል።

የሎዮላ ልጆች በ1989–90 በአማካይ 122.4 ነጥብ አስቆጥረዋል። በዚያው ዓመት ማርች 4 ቀን ሀንክ ጌዘርስ የተባለው ጓደኛቸው ሜዳ ላይ ወድቆ ሞተ። ኀዘናቸውን ይዘው ወደ ብሔራዊው ውድድር ገቡ፤ ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ሚሺጋንንም 149 ለ115 ረቱ። በሚቀጥለው ጨዋታ አላባማ አልሮጥም አለ። ኳሷን እየያዘ፣ እያዘገመ አፈናቸው። ውጤቱ 62 ለ60 ሆነ፤ ያሸነፉት ግን እነዚያው ሯጮቹ ናቸው። በሁለቱ ጨዋታዎች ያስቆጠሩት ልዩነት 87 ነጥብ ነው (የባንክ ሠራተኛ ነኝና መቀነስ አልተውም)። በዚያ ምሽት የራሳቸው ባልሆነ ምት ተጫውተው እንዴት እንዳሸነፉ ደጋግሜ አስቤአለሁ። እኔ ያኔ አልሞከርሁትም። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ መምህሩን ስወቅስ ከረምሁ። ወጣቱ መምህር ረጃጅምና ፈጣን ልጆች ነበሯቸው፤ እነሱን ይዞ አምስት መቁጠር ብክነት እንደነበር ዛሬ ይገባኛል።

ባለፈው ወር የፊተኛው መምህሬ ጡረታቸውን ሊቀበሉ በመስኮቴ መጡ። የቅርንጫፋችን አዲስ ኃላፊ ደንበኛ በቶሎ እንዲሸኝ ይፈልጋሉ፤ ብሩን በማሽኑ ቆጥሬ ላስረክባቸው ነበር። መምህሬ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

«አሁንም ትቆጥራለህ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ብሩን ከማሽኑ አንሥቼ በእጄ፣ አንድ ብዬ ጀመርሁ። ከኋላቸው የተሰለፉት ማጉረምረም ጀምረው ነበር።