ከዲኤክሷ ሆድ ሥር

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድን ነበር። አማቴ ቤት ምሳ ተጠርተናል። ባለቤቴ ከጎኔ፣ ሁለቱ ልጆች ከኋላ። ሐረጎን ጀምረን ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ስንደርስ ከመኪናዋ ሆድ ሥር “ጧ!” የሚል ድምፅ ተሰማ። ድንጋይ የነካን መስሎኝ ቀጠልኩ። በሚቀጥለው ጥምዝ ላይ ግን የመኪናዋ ኋላ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ሄዶ ተመለሰ። በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅኩ ዳር ይዤ አቆምኩ። ወርጄ ሳጎነብስ የኋላውን ዲፈረንሻል ከቦዲው ጋር አግድም የሚያያዘው ዘንግ ለሁለት ተቆርጦ፣ አንዱ ጫፉ ተንጠልጥሏል።

ባለቤቴም ወርዳ አየችው። “ይኼ ብረት ከመኪናዋ ጋር የመጣ ነው?” አለችኝ።

አልነበረም። እኔ ነኝ ያሠራሁት። ለሰባት ወር አልነገርኳትም።

መኪናችን እንደ ፈረንጆቹ የ1982 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ሁላችንም ዲኤክስ የምንላት። ከአባቴ ነው የወረስኳት። “ለምን አትቀይራትም?” የሚለኝ ብዙ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ከባድ አደረገው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በደመወዝ ለሚኖር ሰው ያለችውን ጠግኖ መያዝ ነው። ደግሞም፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ እወዳታለሁ።

ችግሩ የጀመረው ከከፍታዋ ነው። ሰፈራችን ጦሳ ተራራ ሥር ነው፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ የኮብል ድንጋዩን እየፈነቀለ መንገዱን ቦይ ያደርገዋል። አራታችን ተሳፍረን አንድ ኩንታል ጤፍ ከተጨመረ ሆዷ ድንጋይ ይልሳል። ስለዚህ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ከጭነት መኪና ጎማ ላይ ክብ ላስቲክ አስቆርጬ ከሞላዎቹ ሥር አስገባሁ። አራት ሴንቲ ከፍ አለች። ደስታዬ ሳምንት አልቆየም፤ ሰው ሲሞላባት የኋላ ግራው ጎማ የቦዲውን ጠርዝ መፋቅ ጀመረ።

ምክንያቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። ባሌስትራ ያላት መኪና ባሌስትራው ራሱ የኋላ እግሯን ግራና ቀኝ እንዳይሄድ ይይዝላታል። ሞላ ግን ከላይ ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አይዝም። ስለዚህ አንድ ጫፉ ቦዲው ላይ፣ ሌላው ዲፈረንሻሉ ላይ የታሰረ ዘንግ ያስፈልጋል፤ ስሙም ከቀድሞው የፈረንሳይ መኪና አምራች ከፓናር የተገኘ ነው። ይህ ዘንግ በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር በር በክብ ነው የሚንቀሳቀስ። ቦዲውን ከፍ ስታደርገው ዘንጉ ይበልጥ ያጋድላል፤ አግድም የሚደርስበት ርቀት ያጥራል፤ ዲፈረንሻሉንም ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። ግማሽ ሴንቲ ብቻ ቢጎትተው እንኳ በአንዱ ጎማና በሌላው መካከል የአንድ ሴንቲ ልዩነት ይመጣል።

መፍትሔው ዘንጉን ማስረዘም ነው። እኔም አስረዘምኩት። ብየዳ ቤት ወስጄ ከመሐሉ አስቆረጥኩና የውኃ ቧንቧ አስገብቼ አስበየድኩት። ከውጭ ሲታይ ያምራል፤ ጥቁር ቀለምም ቀባነው። ግን ያ ዘንግ መኪናዋ በተጠማዘዘች ቁጥር አንዴ ይሳባል፣ አንዴ ይገፋል። ሽቦን ደጋግማችሁ ብታጣጥፉት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ብረቱ የተሰነጠቀው ልክ ከብየዳው አጠገብ፣ እሳቱ ባዳከመው ቦታ ነው።

ያን ዕለት ባለቤቴ ልጆቹን አውርዳ ሚኒባስ አስቆመች። “አንተ ቀስ ብለህ ና፤ ልጆቼ ግን እዚች ውስጥ ተመልሰው አይገቡም” አለችኝ። ከሐረጎ ኮምቦልቻ በሰው እርምጃ ወረድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ መንገድ አላውቅም።

ኮምቦልቻ ወደ ባቲና ሚሌ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠልባት፣ ከባድ መኪና የማይጠፋባት ከተማ ናት፤ ቶርኖ ቤትም አታጣም። በማግስቱ ጠዋት የተሰበረውን ዘንግ ይዤ አንድ ቶርኖ ቤት ገባሁ። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ብረቱን አገላብጠው አዩት።

“ማነው የበየደው?”

“ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያሠራሁት።”

“አብሽር፤ አልሞትክም” አሉኝ።

ቀጥለው ከመኪናዋ ፊት አስጎንብሰው መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ አሳዩኝ። አንዱ ጫፉ የቀኝ ጥርስ፣ ሌላው የግራ ጥርስ አለው። መሐሉን ስታዞረው ሁለቱም ጫፍ እኩል ይወጣል ወይም እኩል ይገባል፤ አላይመንት የሚሠራው ልጅ ሁልጊዜ የሚያዞረው እሱን ነው። ስንት ዓመት እያየሁት!

የእኔንም እንደዚያው ሠሩት። ከተጣለ የጭነት መኪና ሳላ ሁለት ጫፍ ጠረቡ፤ ቦኮላ የሚገባበት ቀለበትና ጥርስ የሚወጣበት ዘንግ ከአንድ ብረት፣ ያለ ምንም ብየዳ። “ፌሮ ብትሰጠኝ ኖሮ አባርርህ ነበር” አሉኝ። የጥርሱ ውፍረት 20 ሚሊ ነው፤ ቢያንስ 30 ሚሊ ቱቦው ውስጥ መግባት አለበት። ይህንን ለማየት ቱቦው ላይ ትንሽ ቀዳዳ በሱ፤ በቀዳዳው ጥርስ ካልታየ ዘንጉ ከልክ በላይ ረዝሟል ማለት ነው። የቱቦውን የውስጥ ግራ ጥርስ ሲያወጡ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። በሁለቱም ጎን እንዳይፈታ ዳዶ ታሰረበት።

አንድ ነገር ግን እምቢ አሉ። ከኋላ ተኝተው ሲያዩ ወደ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ላስቲክ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። አራት ሴንቲ ስጨምር ቱቦው አልረዘመማ! አስቤው አላውቅም ነበር። ላስቲኩን ወደ ሁለት ሴንቲ ካላወረድኩ ዘንጉን እንደማይሰጡኝ ነገሩኝ። አወረድኩ።

ማስተካከሉን ቤት ሄደን ከልጄ ጋር ሠራነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመን፣ ባለቤቴና ትንሹ ልጅ ከኋላ ተቀምጠው (ባዶዋን መለካት ዋጋ የለውም፤ ስትጫን ሌላ ናት)፣ ልጄ ክብደት የታሰረበት ክር ከቦዲው ጠርዝ አንጠልጥላ እስከ ቸርኬው ያለውን በማስመሪያ ለካች። ግራ ሲጠብ ቱቦውን ሩብ ዙር፣ እንደገና መለካት። ሁለቱም ጎን እኩል ሲሆን ዳዶዎቹን አጠበቅኩና ከዳዶው እስከ ቱቦው የሚሻገር የቢጫ ቀለም መስመር አሰመርን። ዳዶው በንዝረት ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ ማንም አጎንብሶ ያየዋል።

ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ሆና ስትሰማን ቆይታ “ዘንጉ መሰበሩን አይደለም የተቀየምኩ” አለች። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አውቀዋለሁ።

አሁን ዝናብ ሲያባራ፣ ወይም መንገድ ከመውጣታችን በፊት፣ ልጄ የስልክ መብራት ይዛ ትጎነበሳለች። ባለቤቴ በሩን ከፍታ፣ አንድ እግሯን ሳታስገባ ትጠብቃለች።

“ቢጫው?”

“አልተሰበረም፣ እማዬ።”

ያኔ ትገባለች።