በቤኒሻንጉል ስም የተጠራው እሬት

ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሲነሳ ወርቁ፣ የአሶሳ ማንጎ፣ ሽመሉ፣ ከዚያም ጉባ ላይ የቆመው የዓባይ ግድብ ይጠቀሳል። የዕጽዋት ተመራማሪዎች ግን ክልሉን በሌላም ሀብቱ ያውቁታል። ከዚሁ ክልል የተገኘ አንድ እሬት በዓለም የዕጽዋት መዝገብ ላይ ስሙን ይዞ ሰፍሯል። አሎ ቤኒሻንጉላና ይባላል።

ዝርያው ለሳይንሱ ዓለም የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ኪው ቡለቲን በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ነው። በዚያው ጽሑፍ አራት አዳዲስ የኢትዮጵያ እሬቶች ወጡ፤ አንዱ በቤኒሻንጉል፣ ሌሎቹ በጊቤ፣ በወሎና በወልመል ስም ተጠሩ። የቤኒሻንጉሉን ስም ያወጡለት ሁለት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ለምርምር ክልሉን ያካለሉት ዶ/ር ተስፋዬ አዋስ።

ተስፋዬ ከዚያ ቀደም ብለው፣ በ2007፣ ከኖርዌያዊቷ ኢንገር ኑርዳል ጋር ሌላ አዲስ ዝርያ አስመዝግበዋል፤ ክሎሮፊተም ሱዶካውሌ። ብዙ የከተማ ሰው በረንዳው ላይ በማሰሮ የሚያሳድጋት፣ ረጃጅም ቅጠሏ ነጭ መስመር ያለባት አበባ የዚሁ ወገን ናት። የጽሑፉ ርዕስ ራሱ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የክሎሮፊተም ብርቅዬ ዝርያዎች ማዕከል መሆኑን ይናገራል። ቆላ፣ ሞቃትና ጠረፍ ተብሎ ለሚታለፍ ምድር ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው።

ታዲያ እስከዚያ ድረስ እንዴት ሳይታዩ ቀሩ? አባሎና ወይባ የሚበዛበት፣ ሽመል ያለበሰው የክልሉ ጫካ በበጋ ሣሩ ይደርቃል፤ በየዓመቱ ማለት ይቻላል እሳት ያልፍበታል። ክሎሮፊተም ኃይሉን የሚያከማቸው ከመሬት በታች፣ በሥሩ ነው። ዝናብ ሲጥል ያቆጠቁጣል፣ ያብባል፣ ዘሩን በትኖ እንደገና ይሰወራል። መንገዱ ደርቆ ለመኪና በሚመችበት ወር የሄደ ተመራማሪ አመድ እንጂ አበባ አያገኝም። አበባውን የሚፈልግ ጭቃውን መድፈር አለበት።

የእሬት ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ተክል አዲስ ዝርያ ተብሎ እንዲመዘገብ የደረቀ ናሙናው በሄርባሪየም (በደረቁ ዕጽዋት ማከማቻ) መቀመጥ አለበት። ቀጭን ቅጠል ያለውን ተክል በጋዜጣ መካከል ዘርግቶ፣ በእንጨት መጫኛ ጠፍሮ ማድረቅ ይቻላል። እሬት ግን ውኃውን ቋጥሮ ይይዛል፤ ተጭኖም ሳይሞት ይሰነብታል። ስለዚህ ወፍራሙን ቅጠል ለሁለት ሰንጥቆ ዝልግልጉን ሥጋ ፍቆ ማውጣት፣ ጋዜጣውን ደጋግሞ መቀየር ግድ ነው። ሲደርቅ ቀለሙ ስለሚጠፋ የአበባው ቀለም፣ የተገኘበት ቦታ፣ ከፍታውና ቀኑ እዚያው ሜዳ ላይ ይጻፋሉ። ብዙ ሰብሳቢዎች እሬትን አልፈውት የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ዓለም «አዲስ ዝርያ» ሲባል ጆሮ የሚሰጠው ለየት ላለ ፍጥረት ነው። በ2025 መጀመሪያ ከቬትናም ባሕር የወጣው ባታይኖመስ ቬደሪ የብዙ አገር ጋዜጦች ወሬ ነበር። አሥራ አራት እግር ያለው፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን የጥልቅ ባሕር አይሶፖድ ነው፤ ጭንቅላቱ የስታር ዋርስ ፊልሙን ዳርት ቬደር ቆብ ስለሚመስል በእሱ ተሰየመ። ናሙናዎቹ የተገኙት ዓሣ አጥማጆች ለምግብ ቤት ከሚሸጡት መካከል ነበር። ነጋዴውና ተመጋቢው የሚያውቁትን ፍጥረት ሳይንስ ዘግይቶ ደረሰበት። በአሶሳ በኩልም ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ተስፋዬና ባልደረቦቻቸው የበርታና የጉሙዝ ሕዝቦች ዕጽዋትን ለምን ለምን እንደሚጠቀሙባቸው ጠይቀው አጥንተዋል።

በ2011ዱ ጽሑፍ ውስጥ ከአበቦቹ ባልተናነሰ ክብደት የሚሰጠው አንድ ነገር አለ። ጸሐፊዎቹ የሌላ አገር ዝርያን ስለ መሰየም ሥነ ምግባርም ጽፈዋል። ጉዳዩ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ሺምፐር በ1837 ትግራይ ገብቶ ለዓመታት የሰበሰባቸው ዕጽዋት ወደ አውሮፓ ተልከው ነው የተሰየሙት። በርሊን የነበረው የዕጽዋት ስብስብ በ1943 በቦምብ ሲቃጠል ከሌላው ዓለም ናሙናዎች ጋር የኢትዮጵያም ነደዱ። የአገሩን ተክል ለማጥናት የተነሳ ኢትዮጵያዊ ለረጅም ጊዜ ፓሪስ ወይም ለንደን መሄድ ነበረበት። ከ1980 ጀምሮ በስዊድን ድጋፍ የተካሄደው፣ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ (የአገሩን ዕጽዋት የሚዘረዝር መጽሐፍ) ሥራ ይህን ለወጠው፤ ባለሙያ አፈራ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን ብሔራዊ ሄርባሪየም አጠናከረ። ሰብስቤ የዚሁ ሥራ መሪ ነበሩ፤ በ2016 ኪው የተባለውን የለንደን የዕጽዋት ተቋም ዓለም አቀፍ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። እንግዲህ በቤኒሻንጉል ስም የተጠራው እሬት በኢትዮጵያውያን እጅ መሰየሙ የዚያ ሁሉ ድካም ፍሬ ነው፤ እንደ ተራ ነገር ሊታይ አይገባም።

ስም ማውጣት ጥቅሙ ለክብር ብቻ አይደለም። ስም የሌለው ተክል የመጥፋት አደጋው አይገመገምም፤ በጥበቃ ዕቅድም አይገባም። በጉባ የግድቡ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ሆኖ ተሠርቶ ሰፊ የሸለቆ ጫካ ከሥሩ ውሏል፤ በየቦታውም እርሻ እየሰፋ ነው። ግድቡ ለአገር ያስፈልጋል፤ እርሻውም እንዲሁ። የቀረውን ጫካ ግን በክረምት፣ አበባው በሚወጣበት ሰዓት፣ እየዞሩ የሚመዘግቡ ወጣት ባለሙያዎች ያስፈልጉታል፤ ለዚህ ደግሞ ከአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቀረበ ማንም የለም።